ራሱ የሞላው ጋዝ

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የመኪናውን ሞተር ያስነሳል፣ ኤሲውን ይከፍታል፣ መዳፉን አየር ማውጫው ላይ ይደቅናል። ከቀዘቀዘ ሚስቱን ይጠራል። ካልቀዘቀዘ ኮፈኑን ይከፍታል።

የታክሲ ሹፌር ነው። ሰፈርተኛው «አያቅተው» ይለዋል፤ ቧንቧም ቢሆን የበር ቁልፍም ቢሆን ባለሙያ ሳይጠራ ራሱ ይፈታዋል። ቡታጋዙንም የፈታው ራሱ ነበር። መልሶ ገጥሞ «ለኩሺው» ሲላት እሳቱ ሚስቱ ላይ ወጣ። ከአንገቷ እስከ ወገቧ ጠባሳ ሆነች። ጠባሳ አያልበውም፤ ስለዚህ ሙቀት ይጥላታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ለሕክምና የምትሄደው መኪናው ከቀዘቀዘ ብቻ ነው።

ወንድሟ መካኒክ ነው። ከእሳቱ ወዲህ ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ አይነጋገሩም። አንድ ቀን ግን አያቅተው የኤሲ ጋዝ ቆርቆሮ ይዞ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ ደረሰበት።

«ደግሞ ልትሞላ ነው?»

«አልቆበት ነዋ።»

«ይሄ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም። ከጎደለ የሚያሾልክበት ቦታ አለ። አንተ የምትሞላው ለሰፈሩ አየር ነው።»

«ሰፈሩ ይመርቀኛላ።»

«ቀልድ። ዘይቱም አብሮ እየወጣ ነው፤ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር ደርቆ ይቆምብሃል። ጋራዥ አምጣው፣ ቀዳዳውን ልፈልገው። ለእህቴ ስል ነው፤ ላንተማ ብሎን እንኳ አልነካልህም።»

አያቅተው ቀና ሳይል ቱቦውን ገጠመ። «እኔ እበቃዋለሁ» አለ።

ሚስቱ ከመስኮቱ ሆና ሰምታለች። ሲገባ «ምናለ ብትሰጠው?» አለችው።

«ለዚህች ለዚህች ያንቺን ወንድም ደጅ ልጥና ትያለሽ?»

እሷ መስኮቱን ዘጋች።

ማክሰኞ የኤሲው አየር በደንብ ቀዝቅዞ ወጡ። ድልድዩ ላይ መኪኖች ተጨናንቀው ቆመው ሳለ ከኮፈኑ ስር የሚሰነጥቅ ጩኸት ተሰማ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ኮምፕረሰሩ ደርቆ ቆሞ ቺንጊያውን፣ የሞተሩን የጎማ ቀበቶ፣ በጥሶታል። የሞተሩን ውሃ የሚያዞረውም ያው ቺንጊያ ስለሆነ ሞተሩ ጋለ። አጠፋው።

ጥላ የለም። መስኮቶቹን አወረደ፤ የሚጠጣውን ውሃ አንገቷ ላይ አፈሰሰ። ፊቷ ቀላ፣ ምላሷ ተሳሰረ። ወርዶ ኮፈኑን ሊከፍት ሲል እጅጌውን ያዘችው።

«እንዳትነካው» አለች እየተኮላተፈች። «በናትህ፣ ምንም እንዳትነካ። ስልኩን ስጠኝ።»

የደወለችለት ወንድሟ መንገዱ ባልተዘጋበት በሌላው አቅጣጫ መጣ። ደግፎ አሻገራትና የራሱ መኪና ውስጥ አስገባት። አያቅተው የኋላውን በር ሲይዝ «አንተ መኪናህን ጠብቅ» አለው።

ተረፈች፤ ግን ሐኪም ቤት አስተኟት። ስትወጣ ወደ ወንድሟ ቤት ገባች። መካኒኩ ልብሷን ሊወስድ በመጣ ጊዜ የሻንጣው ዚፕ አልዘጋ አለ። አያቅተው ፒንሳውን አንስቶ ተንበረከከ።

«ተወው» አለ መካኒኩ። «በገመድ አስረዋለሁ።»

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያመላልሳት ወንድሟ ነው።