ባሏ በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ የሚሞትባት አክስቴ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ሲደክም የሕክምና ትምህርት ቤቱ ቀጠራት፤ ሥራዋ የታማሚ ሚስት መስላ መቀመጥ ነው። ተማሪዎቹ በየተራ እየገቡ ባሏ መሞቱን ያረዷታል። በፈተና ቀን አሥራ ሁለቴ ይሞትባታል። እኔ በር ላይ ቆሜ በየስምንት ደቂቃው ደወል እደውላለሁ። በሩ ገርበብ ስለሚል ሁሉን እሰማለሁ፤ ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

አንጀት የሚያቃጥል ነገር ነው። ሐዘንን በነጥብ ከፋፍለው አስጠንተዋቸዋል፤ ለሰላምታ አንድ፣ "ሐዘንዎ ይገባኛል" ለማለት ሁለት። አንዱ ጎበዝ ነጥቡ እንዳያመልጠው ገና ከመግባቱ "ሐዘንዎ ይገባኛል" አላት።

"የምን ሐዘን ልጄ?" አለችው። መርዶውን ገና አልነገራትማ!

"እሱን አሁን እደርስበታለሁ" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። አለፈ!

እዚያው ክፍል ተቀምጦ ነጥብ የሚሰጠው ፈታኝ ተማሪዎቹ "ዶክተር ሩብ" የሚሉት ሰው ነው፤ ከሩብ ነጥብ በላይ መስጠት ይተናነቀዋል። እሱ ዘንድ ርኅራኄ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ እነሱ ግን የርኅራኄ ፈታኝ አደረጉት።

አሥራ ሁለተኛዋ ዓምና የወደቀች ልጅ ናት። ዘንድሮ ከወደቀች ትባረራለች። ወንበሩን ወደ አክስቴ አስጠግታ ተቀመጠች።

"እናቴ፣ ባለቤትዎ ዛሬ ጧት ዐረፉ" አለች። ከዚያ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። የአክስቴን እጅ ያዘች። ደወሉን ደወልኩ፤ ሁለቱም አልተነሱም።

ልጅቷ እንደወጣች ዶክተር ሩብ እስክሪብቶውን አነሳ። "ይገባኛል አላለችም። ወድቃለች።"

ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን አምስት ነጥብ የምትሰጠው ግን አክስቴ ናት፤ ሌላ ጊዜ እሱ ያለውን ትጽፋለች። ዛሬ ወረቀቱን ከፊቱ ሳበችና አምስቱንም ሰጠቻት። ልጅቷ አለፈች ማለት ነው።

"ምን ስላደረገች?" ብሎ ጮኸ።

"ተቀምጣ ነገረችኝ። እርስዎ የባሌን ሞት የነገሩኝ ኮሪደር ላይ ቆመው፣ ስልክ እያወሩ ነው።"

እውነቷን ነው፤ አጎቴ በሞተ ቀን አብሬያት ነበርኩ። ዶክተር ሩብ ግንባሩን ቋጥሮ አያት። ምንም ትዝ አላለውም።

"የትኛው ባልሽ?" አላት።

"የቀበርኩት" አለች።