የዶክተር ማለደ ሰባት ቤት

አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር፣ እኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ዶክተር አለ። ጉልበት አያክምም፣ ደም ግፊት አይለካም። ይህን ለጎረቤቱ ሁሉ ለማስረዳት እናቱ ፋንታነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስንት ዓመት ደከመች። «ታዲያ የምን ዶክተር ነው?» ሲሏት «የግሪክ» ትላለች። «ግሪኮቹ ምን ሆነው?» ይሏታል። አብራቸው ትስቃለች እንጂ በልጇ ሲሳቅ አንጀቷ ያርር ነበር።

ማለደን የማውቀው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከሱዳን ሲመጣ ጀምሮ ነው። አባቱ እዚያው በረሃ ቀሩ። ልጁ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ አንድ መምህር የግሪክ ፊደል አሳየው፤ በቃ፣ ያን ቀን የሄደ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመካከለኛው ዘመን ግሪኮችን፣ የቁስጥንጥንያን የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች፣ ሲያገላብጥ ጸጉሩ ሳሳ። አሁን ቤርሼባ ከተማ በሳምንት አንድ ቀን ያስተምራል። ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንደኛው ለማንቀላፋት የሚመጣ ጡረተኛ ነው።

የዶክቶራት ጽሑፉን ሳልጠይቀው ደረጃ ላይ አቁሞ አስረድቶኛል፣ ዘንቢሌ እጄን እየቆረጠኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዚያ አገር ከድሃ ቤት ተነሥቶ ዙፋን ላይ የሚወጣ ሰው ሲገኝ ጸሐፊዎቹ ታላላቅ አያቶች ፈጥረው ይቀጥሉለታል። ማለደ እነዚህን የውሸት አያቶች እየለቀመ አጋለጠ። «በትውልድ ቆጠራ እኔን የሚያታልል የለም፣ እትዬ ይርገዱ» አለኝ። «ጎበዝ» አልኩት፤ ምን ልበለው!

አርባን ካለፈ በኋላ ኦሪትን ወደደ። ኦሪት ባርኔአ ሰፈር የምትኖር ነርስ ናት፤ ቀልደኛ፣ ሰው አክባሪ። ባሕሩ ዳርቻ ያለው ብሔራዊ ፓርክ ወስዷት፣ ያን የመሰለ ባሕር ትቶ፣ ስለ ፈረሰው የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ሲያስረዳት ዋለ። ሰዉ ዙሪያዋን ሥጋ ይጠብሳል፣ እሷ በረሃብ ትሰማዋለች። ከዚያም በኋላ ወደደችው! እሱም ከልቡ ወዷት ነበር፤ ያን ሰሞን ደረጃውን እያፏጨ ይወጣ ነበር።

እኛ ከሐበሻ አገር የመጣን አይሁዶች ዘንድ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የወንዱንም የሴቷንም አያት ቅድመ አያት እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ። አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጋብቻው ቀረ። ፋንታነሽ በሕይወት ሳለች «ና የአባትህን ዘር ላስቆጥርህ» ስትለው «በኋላ» ይላት ነበር፣ ግሪኮቹ ጋ ሥራ ስላለበት። በኋላማ ሞተች። ሐይፋ በአባቱ በኩል አንድ አጎት አለው። «ደውልለት» አልኩት። «ማ ፒትኦም፣ ምን ሲደረግ፣ እትዬ! ይሄ እኮ ሙያዬ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

በኦሪት አያት በአባባ ሞርዴካይ ሳሎን ተሰበሰብን። እኔ በእናቱ ቦታ ተቀምጫለሁ። ማለደ መነጽሩን አስተካክሎ ጀመረ፤ አባቱ አዱኛ፣ አያቱ ፈረደ፣ ቅድመ አያቱ ጓዴ። እዚያ ላይ አለቀበት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጓዴን የወለዱት ቄስ ጎበዜ ናቸው።»

አባባ ሞርዴካይ ብድግ አሉ። «የወገራው ቄስ ጎበዜ?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው» አለ ማለደ ደረቱን ነፍቶ።

«የእኔ አያት እኮ ናቸው!» ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። «ሥጋችን! ደማችን! የት ጠፍተህ ኖርክ?» እያሉ ሳሙት፣ አለቀሱ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ «እንግዲህ ኦሪት እህትህ ናት፤ ጋብቻው አይሆንም» አሉ። ኦሪት የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ።

ስንወጣ ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት። «የአባትህ ወገን የስሜን ሰው ነው፣ ወገራ ምን ወሰደው? ጓዴን ማን ወለደው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ቄስ ጎበዜን ከየት አመጣሃቸው?»

«እናቴ ስማቸውን በክብር ስታነሣ እሰማ ነበር። ጥሩ ስም ነው ብዬ…»

ወይ ጉድ! ደሜ ፈላ። «ግሪኮችህ እንኳ ሲዋሹ፣ የልጅ ልጁ ፊት ለፊት ያልተቀመጠ አያት ይመርጡ ነበር!» አልኩት።

ሐይፋ ለአጎቱ እኔው ደወልኩ። የጓዴ አባት ተሰማ የሚባል የስሜን ሸማኔ ነው፤ ከእነ ኦሪት ዘር ጋር በየትም በኩል አይነካካም። እሰይ ብዬ የማለደን በር ደበደብኩ። «ሂድ፣ ዋሸሁ በልና ሚስትህን ውሰድ!»

«እኔ ዶክተር ነኝ፣ እትዬ» አለኝ። «በትውልድ ቆጠራ ዋሸ ከተባልኩ በአሽቀሎን መንገድ እንዴት እሄዳለሁ?»

ለኦሪት ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች። «እሱ ራሱ መጥቶ ይናገር። ዋሸሁ ይበል እንጂ አያቴን እኔ እለምናለሁ» አለች። ከዳስ በዓል ከሱኮት እስከ ፋሲካ፣ ግማሽ ዓመት ጠበቀችው። ማለደ ምን ሠራ? ውጭ አገር ጉባኤ ሄዶ ስለ ግሪኮች ውሸት ንግግር አደረገ። ተጨበጨበለት አሉ።

ያገባት ኒሲም የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ወገኑ ከሞሮኮ ነው፤ እነሱ ሰባት ቤት አይቆጥሩም፣ ደግሶ መብላት ያውቃሉ። በሠርጉ ማለደን ከዘመዶች ጠረጴዛ፣ ከአባባ ሞርዴካይ አጠገብ አስቀመጡት። ወንድም ነዋ!

ወደ ኹፓው፣ ቃል ኪዳን ወደሚታሰርበት ዳስ፣ ከመሄዷ በፊት ኦሪት ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ጠረጴዛችን መጣች። ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ማለደ፣ አንተ ወንድሜ ነህ?» አለችው።

ምን እንደጠየቀችው የገባን እኔና እሱ ብቻ ነን። ኧረ ተናገር፣ አልኩ በሆዴ፣ ኧረ በእናትህ! ወደ እኔ አየ። ወደ አባባ ሞርዴካይ አየ። ከረባቱን አስተካከለ።

«አዎ፣ እህቴ» አላት።

አባባ ሞርዴካይ ጭንቅላቱን ስመው መረቁት። ኦሪት ቀሚሷን ለቀቀችና ወደ ኹፓው ሄደች።