በውሃ የራሰ ቋጠሮ

ገመድ መግመድ የጀመርኩት በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ ነው። ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ መሆኑ ነው። ልጄ ጽጌ ገና ጡት አልጣለችም። በቡታጅራ ገበያ ዳር ገመድ የሚገምዱ እትዬ አመተ የሚባሉ የባለቤቴ አክስት ነበሩ፤ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ለስላሳ ነው። ይጠነክራል። ቀሚስሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ።»

ሌላ ቃል ሳይጨምሩ አንድ እስር ቃጫ ጭኔ ላይ ጣሉ። ቃጫ የእንሰት ልጅ ነው። የገጠር ሴቶች እንሰቱን ሲፍቁ ለቆጮ የሚሆነው ይቀራል፣ ነጩ ክር ታጥቦና ደርቆ ወደ ገበያ ይመጣል። ጀማሪ ያበጥራል። ትንሽ የሠራች ውሃ እያርከፈከፈች ቅልጥሟ ላይ ታከራለች። ሦስቱን ክር አንድ ላይ መግመድ ግን የበሰለ እጅ ሥራ ነው።

እትዬ አመተ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አሠሩኝ። ቅልጥሜ ተላጠ። ማታ የገመድኩትን ከበሩ መቃን ጋር አስረው በሙሉ ክብደታቸው ተንጠለጠሉበት። ተበጠሰና መሬት ላይ ዘጭ አሉ። ክው አልኩ። እሳቸው አቧራቸውን እያራገፉ ይስቃሉ።

«የሰው በሬ ከሚወድቅበት እኔ ልውደቅበት። ነገ በጠዋት ነይ።»

እንዲህ ሆኜ ሥራ ያዝኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጽጌ በዚያ ገመድ አደገች።

ዋናው ደንበኛችን ሐጂ ሸምሱ ነበሩ። በገበያው መሐል ሱቅ አላቸው፤ ለጭነት፣ ለውሃ ጉድጓድና ለቤት ሥራ የሚሆነውን ሁሉ ከእኛ ይወስዳሉ። ገመዱን በእጃቸው ሳብ ሳብ አድርገው፣ «የጽጌ እናት፣ ይሄ ከባለቤቴ ቁጣ ይጠነክራል?» ይሉኛል።

«ባለቤትዎን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» እላቸዋለሁ።

«ተይ፣ ተይ! ገመዱን ስጪኝና ሂጂ።»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ገመዳችንን ተሸክመን ብንሄድ፣ ሐጂ ሱቅ በር ላይ ሰማያዊ ገመድ በጥቅል በጥቅል ተቆልሏል። ናይለን ነው። ከባሕር ማዶ ተሠርቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ፣ በባቡር አዲስ አበባ፣ በጭነት መኪና ቡታጅራ ደርሷል። ያን ሁሉ አገር ዞሮም ከእኛ ገመድ ይረክሳል። ከጓሮ ከወጣው!

«ወላሂ፣ ይሄ አይበሰብስም» አሉ ሐጂ። «ምን ላድርግ? ሰው ይህን ነው የሚጠይቀኝ።»

እትዬ አመተ ናይለኑን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «እባብ ነው፤ ይሙለጨለጫል» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ለጉድጓድ የሚያህለው የለም። የእኛ ገመድ ውሃ ውስጥ እየዋለ እያደረ ይበሰብሳል፣ ባልዲም ይዞ ይገባል። እኔም ለጉድጓዴ ገዛሁ። እትዬ አመተ አይተው ፊታቸውን ወደ ቃጫቸው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እያደር ሳሳ። አብረውን ይገምዱ ከነበሩት ዙበይዳ በርበሬ መሸጥ ጀመረች። ወለተ አዲስ አበባ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። የእትዬ አመተም ጣቶች በቁርጥማት ተቆለመሙ። እኔ ብቻዬን አልፎ አልፎ የአህያ መጫኛ እሠራለሁ፣ በቀረው ጊዜ የሰው ልብስ አጥባለሁ።

በኋላ የሐጂ ልጅ ነስሩ ሚስት ሊያገባ ሆነ። ሠርጉ ረመዳን ሳይገባ እንዲሆን ተቆርጧል። አባትየው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ይዞታቸው ላይ እንደ አገሩ ደንብ ትልቅ ሣር ቤት አስጀመሩ። ሠሪው ዘርጋ ነበር፤ በአካባቢው ጣሪያ በማቆም የሚስተካከለው የለም። ማገሩን ከወራጁ ጋር የሚያስርበትን ደግሞ ሐጂ ናይለን አቀረቡለት።

ከእትዬ አመተ ጋር በዚያ ስናልፍ የዘርጋ ሰዎች ናይለኑን በገንዳ ውሃ ይነክራሉ። ቤት ሲሠራ ቃጫ ርሶ ነው የሚታሰረው፤ ሲደርቅ ይሰበሰብና እንጨቱን አንቆ ይይዛል። ያንኑ እያደረጉ ነበር። እትዬ አመተ ሳቃቸው መጣ።

«አንተ ዘርጋ! ናይለን ውሃ ይጠጣል እንዴ?»

«እጄ ለምዶ ነው፣ እማማ» አለ ዘርጋ፣ እሱም ራሱ እየሳቀ። «ማን ያውቃል፣ ደርቆ ይይዝ ይሆናል።»

አልያዘም። ሣሩ ሲከመርበት ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ተንሸራተቱ፤ ጣሪያው እንደ ሰከረ ሰው በአንድ ጎኑ ዘመመ። ምሳ ሰዓት ስለነበረ ከሥሩ ሰው አልነበረም። ተመስገን።

ሐጂ ወፍራም ናይለን ከአዲስ አበባ አዘዙ። ዕቃው ገና መርከብ ላይ ነው ተባሉ። ሠርጉ ቀርቧል። የልጅቷ አባት ደግሞ፣ «ልጄን የምድረው ሜዳ ላይ ነው?» ብለው ላኩባቸው። ሐጂ በእግራቸው እኔ ቤት መጡ።

«የጽጌ እናት፣ ገመድ።»

«የለኝም፣ ሐጂ። ማን ይገዛኛል ብዬ ልገምድ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ልክ ነሽ። ሥሪልኝ።»

«ብቻዬን አልደርስም።»

«ታዲያ ሴቶቹ የት አሉ?»

ይህን ሲጠይቁኝ አዘንኩ። ቃጫውማ በየገበያው ሞልቷል። የጠፋው እጅ ነበር።

ዙበይዳን ከበርበሬዋ አስነሳኋት። ሌሎች ሁለት አሮጊቶችም መጡ። እትዬ አመተ መግመድ ባይችሉም መሐላችን ተቀምጠው ያዝዛሉ፣ ይሳደባሉ።

«ዙበይዳ፣ ይሄ ገመድ ነው ወይስ የዶሮ አንጀት?»

«በርበሬ አቃጥሎኝ ነው፣ እትዬ። በእጄ ስነካው ዓይኔ ያለቅሳል!»

አርብ ዙበይዳ ሰግዳ እስክትመለስ የእሷን ክር እኔ እይዛለሁ፤ እሑድ እኔ ቅዳሴ ስሆን እሷ የእኔን። መጀመሪያ እጃችን ቢሳሳትም ሙያው በሦስተኛው ቀን ተመለሰልን። ያለቀውን ሁሉ እትዬ አመተ በዚያ ታማሚ እጃቸው ይዘው ይንጠለጠሉበታል። አንድም አልተበጠሰም።

ዘርጋ ናይለኑን ፈትቶ ቃጫውን ነክሮ አሰረ። በሳምንቱ ተጠራንና ሄድን። ዘርጋ አንዱን ቋጠሮ በጣቱ ሲመታው እንደ ክራር ድም አለ። ሐጂ ወደ ጣሪያው አንጋጠው፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም በልቤ የእኔን አልኩ። ሙሽራዋ በቀጠሮዋ ገባች። ሠርጉ ላይ እትዬ አመተ ከሙሽራው እናት ጎን ተቀምጠው ለክርስቲያን ከተሰናዳው በሉ።

ወፍራሙ ናይለን ከሠርጉ በኋላ ደረሰ። ሐጂ ሸጡት፣ ሰውም ገዛው፤ አልከፋኝም። የውጭ ዕቃ ለሚሆንበት ይሁን። የራስን ሙያ ግን ርካሽ አገኘሁ ብሎ መጣል አይገባም፤ መርከቡ ሲዘገይ የሚደርሰው እሱ ነው።

በሠርጉ ማግስት ጠዋት ኪዳን አድርሼ ተመለስኩ። ገመድ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። አንድ እስር ቃጫ ውሃ አርከፍክፌ አለሰለስኩና ጽጌን ጠራኋት።

«ቀሚስሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ» አልኳት።