የእማማ ዘይነባ ጉትቻ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ መካነ ሰላም ከተማ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቴ እማማ ዘይነባ የሠርጋቸውን ጉትቻ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይህን ወርቅ ሸጬ እህል ልሸምትበት ነው። ነጋዴው ነሐስ ነው ብሎ እንዳይሸውደኝ በዚያ በትምህርት ቤቱ አሲድ ፈትሽልኝ» አሉኝ።

ናይትሪክ አሲድ ወርቅን አይነካም። ጉትቻው ላይ ጠብ ባደርግበት ግን አረንጓዴ አረፋ ደፈቀ። እውነትም ነሐስ ነው! ሟች ባላቸው ወርቅ ነው ብለው የሰጧቸውን ምን ብዬ ልንገራቸው?

«እማማ፣ አሲዱ ሳያረጅ አይቀርም» አልሁና ካለችኝ ገብስ ልሰፍርላቸው ተነሣሁ።

እሳቸው አረፋውን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«አላህ ይዘንለትና፣ ለካ እሱም ዋሽቶኛል! እኔስ ልጃገረድ ነኝ ብዬው አልነበር!»