ለኡኡታ የሚገባበት አገር

እኔ ባደግሁበት አገር ኡኡታ ከተሰማ ቤት ያለ ሰው ይወጣል። ማነው የጮኸው፣ ምን ሆኖ ነው የሚለው በኋላ ነው። ዱላ ያለው በዱላው፣ መጥረቢያ ያለው በመጥረቢያው፣ ምንም የሌለው በባዶ እጁ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ከብት ሲጠርግ፣ ጎጆ ሲነድ፣ ጅብ በረት ሰብሮ ሲገባ የሚያሳውቀን ሌላ ነገር አልነበረም። አባቴ ለኡኡታ ያልወጣ ሰው ሲሞት ቀብሩ ላይ አይቆምም ነበር። እኔ ራሴ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሣሩን ስነቅል ከነሣሩ እሳቱ መሃል ወድቄያለሁ። ጀርባዬ ላይ የተጨማደደ ቆዳ እስከ ዛሬ አለ። ሰዎቹ ግን ከነልጆቻቸው ወጡ።

አትላንታ ስመጣ እዚህም ኡኡታ አለ። የሚጮኸው ሰው አይደለም፣ ረጅም ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ብረት ነው። ሳይረን ይሉታል። አውሎ ነፋስ ሊመጣ ሲል ቢላዋ እንዳየ በሬ ያጓራል። ታዲያ ይህ ብረት ሲጮህ ሰዉ አይወጣም፣ ይገባል። በሩን ይቆልፋል። በመጀመሪያው ዓመት ጩኸቱን ሰምቼ መጥረቢያዬን ይዤ አስፋልቱ ላይ ብወጣ ከእኔ በቀር ፍጡር የለም። አንዲት ነጭ ሴትዮ በመስኮት አየችኝና መጋረጃዋን ዘጋች። በኋላ ሲነግሩኝ ለሙከራ ነው የጮኸው አሉ። ኡኡታ ለሙከራ! በእኛ አገር በውሸት ኡኡ ያለ ሰው ይገረፋል።

ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ጭንቁ ሚስቴ ናት። ሳንባዋ ከደከመ ቆይቷል። አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ አለ፣ ቱቦው ሶፋው አጠገብ ካለው ማሽን ይመጣል፣ ማሽኑ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። መብራት ከጠፋ ማሽኑ ይቆማል። ማሽኑ ከቆመ የእሷም ትንፋሽ ብዙ አይቆይም። ነገሩ ይኸው ነው።

ልጃችን እዚህ ነው ያደገችው። የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ደንዉዲ የሚሉት ሰፈር ነው፣ ሥራዋ ኢንሹራንስ ነው። ዛፍ የተኛበት ቤት፣ ውሃ የዋጠው ቤት፣ ነዶ ያለቀ ቤት ፎቶ ስታይ ነው የምትውለው። አንድ ቅዳሜ መኪናዋን በር ላይ ፓርክ አደረገችና ዕቃ ታወርድ ጀመር። ውሃ በካርቶን፣ ባትሪ፣ የታሸገ ምግብ፣ ሁለት የብስክሌት ሄልሜት፣ አንድ ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር። ሁሉንም ተሸክማ ሽንት ቤት አስገባችው።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«ፕላን ነው አባባ። ቶርኔዶ ከመጣ አንተና እማዬ እዚህ ትገባላችሁ። ቤቱ መሃል ነው፣ መስኮት የለውም፣ ሴፍ ነው።»

«ሽንት ቤት?»

«ባዝሩም።»

«በእንግሊዝኛ ስትጠሪው ሽታው ይለወጣል?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «ስሚ» አልኳት፣ «ሞት ቢመጣብኝስ? ሸሃዳዬን የት ልበል? የአላህ ስም የማይጠራበት ቦታ አስገብተሽ ልትቀብሪኝ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ በግራ እግሬ ስገባ በቀኝ እግሬ ስወጣ የኖርኩት እዚያው ልሞትበት ነው?»

«ላይክ፣ ሼኹን ጠይቄዋለሁ። በልባቸው ይበሉ አለ።»

«አሉ ነው የሚባለው።»

«ኦኬ። አሉ።»

ሚስቴ ከሶፋዋ ላይ ሆና፣ «አንቱ» አለችኝ፣ «ለመሞቻ አይሁን እሺ፤ ለመዳኛ እንግባ።»

ልጄ ሲሊንደሩ እንዴት እንደሚከፈት አሳየችኝ። ላዩ ላይ መርፌ አለው። መርፌው ወደ ቀዩ ሲወርድ አየሩ እያለቀ ነው። ብዙ አይቆይም አለች፣ ግን እስከዚያ ሰው ይደርስላችኋል፣ ናይን ዋን ዋን ኮል ታደርጋለህ። ማን ነው የሚደርሰው፣ ሁሉም ገብቶ ቆልፎ አልኳት።

እኔ የራሴ ፕላን ነበረኝ። ከበረንዳችን ፊት ለፊት የቆመ ጥድ አለ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ወደ ጣሪያችን ያጎነብሳል። የቤቱን ባለቤት ቁረጥልን ብለው ያለ ፐርሚት አይቆረጥም አለኝ። ዛፍ ፈቃድ የሚጠየቅለት፣ ሰው የማይጠየቅለት! አንድ ጠዋት መጥረቢያዬን አወጣሁና ጥዱን እፈልጠው ጀመር። ልጡ እየተፈናጠረ ፊቴን ይመታኛል፣ እኔም እየሰደብኩ እመታዋለሁ። ባለቤቱ እየጮኸ መጣ። መጥረቢያውን ከእጄ ሊነጥቅ ሲታገለኝ ደረቱን ይዤ ገፋሁት፣ ጭቃው ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው የመርካቶ ልጅ ለልጄ ደወለች። «አባትሽ ሰው ሊፈልጥ ነው፣ ድረሺ!» ከዚህች ሴት ጋር በመኪና ማቆሚያ ተጣልተን ሰላምታ የለንም። መንገዱ የእሷ ነው ወይ? ሁልጊዜ እጮህባታለሁ፣ እሷም ትጮህብኛለች።

ልጄ መጣችና መጥረቢያዬን በመኪናዋ ጭና ወሰደች። እኔም ሌላ ገዛሁና ሽንት ቤት፣ ከመታጠቢያ ገንዳው ኋላ ሸጎጥኩት። ከዚያ ፕላንሽን ተቀብያለሁ አልኳት። ደስ አላት።

የዚያ ዓመት ፀደይ ላይ ነው፣ ዙህር ሰግጄ ተቀምጫለሁ። ሰማዩ እንደ ቆየ ቁስል አረንጓዴ ሆነ። ወፍ ዝም አለ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጮኸ፣ ወዲያው ያ ብረት ማጓራት ጀመረ። እኔ ምንም አላሰብኩም፤ እግሬ ነው ወደ በሩ የሄደው። በሩን ስከፍተው ነፋሱ ከእጄ ነጥቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«ወዴት ነው?» አለች ከኋላዬ።

ዞር ስል ተነስታ ቆማለች። ወደ እኔ ልትመጣ ስትል ቱቦው ከማሽኑ ጋር ወጥሮ ይዟታል፣ እንደታሰረ ጥጃ። አባቴ ከመቃብሩ ሆኖ ውጣ ይለኛል፣ እሷ ቆማ ታየኛለች። በሩን ተውኩት። ሄጄ ቱቦዋን ነቀልኩና ተሸክሜያት ሽንት ቤት ገባሁ። በየትኛው እግሬ እንደገባሁ አላውቅም። ሲሊንደሩን ከፍቼ ሰካሁላት። ሄልሜቱን አጠለቅሁላት። የእኔን አላደረግሁም፤ ብስክሌት የት አለኝ?

ከዚያ መጣ። ባቡር ይመስላል ይላሉ። ባቡር አይደለም። የሚገል ነገር ድምፅ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ሳይሆን ባንድ ላይ ፈነዱ። ጆሮዬ ውስጥ ጥፍር የሚከት ነገር አለ። ቤቱ ሆዱን እንደተረገጠ ሰው አቃሰተ። ሚስቴ ክንዴን ነክሳ ያዘች፣ በጥርሷ። ወዲያው ጥዱ ወደቀ። ሲወድቅ አልሰማሁትም፤ መሬቱ ከስሬ ዘሎ መታኝ እንጂ። መብራት ጠፋ። ጣሪያው ተቀደደና በቀዳዳው ዝናብ፣ አቧራና የጥድ ቅጠል ላያችን ላይ ፈሰሰ።

ነፋሱ ሲያልፍ በሩን ገፋሁ። አይነቃነቅም። ግንዱ ኮሪደሩን ይዞ በሩ ላይ ተኝቷል። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። መርፌውን አየሁ፤ መውረድ ጀምሯል።

መጥረቢያዬን አወጣሁ። ደስ አለኝ፤ ለዚህ ቀን ነው የገዛሁት አልኩ። ታዲያ ሽንት ቤት ውስጥ መጥረቢያ የሚነሳበት ቦታ የት አለ? ክንዴን ሳነሳ ክርኔ ግድግዳ መታ። ጎንበስ ብዬ ከኋላዬ አሽከርክሬ ስሰነዝር ቋ የሚል ሰማሁ። የመጥረቢያው ጀርባ ሚስቴን አናቷ ላይ መቷታል። ሄልሜቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጥዱ የሳተኝን አንቱ ሊጨርሱኝ ነው?»

መጥረቢያውን ወረወርኩት። በትከሻዬ በሩን መታሁ፣ በእግሬ መታሁ፣ በግንባሬም ሳልመታው አልቀረሁም፤ ደም ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። አይከፈትም። መርፌው ቀዩን ነክቷል። የእሷ ከንፈር መጥቆር ጀምሯል። ወደ ቀዳዳው አንጋጥጬ «ሄልፕ! ሄልፕ!» አልኩ። ውጪው ጸጥ ብሏል። ሁሉም ገብቶ ቆልፏል።

ሚስቴ ሱሪዬን ጎተተችኝ። ንግግሯ በጭንቅ ነው። «ምን... ዓይነት ጩኸት ነው? ቆራሌው... ይመስላሉ። ኡኡ ይበሉ እንጂ።»

ሸሃዳዬን በልቤ ያዝኩ፤ አፌን ለኡኡታ ተውኩት። ገንዳው ጠርዝ ላይ ወጥቼ አፌን በቀዳዳው ወደ ሰማይ አድርጌ ኡኡ አልኩ። እንዲህ ከጮህኩ ዕድሜ ሆኖኛል። ከጉሮሮ አይደለም የሚወጣው፣ ከጀርባ ነው፣ ከዚያ ከተቃጠለው ቆዳዬ። ኡኡ! የሰው ያለህ! ኡኡ!

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ አንድ የሴት ድምፅ መለሰ። ኡኡ! ያቺ የመርካቶዋ ናት። በባዶ እግሯ ወጥታ፣ የተበጠሰ የመብራት ሽቦ እየዘለለች፣ ጩኸቱን ተቀብላ ወደ ብራይርክሊፍ መንገድ ወሰደችው። እዚያ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶችና ሱቆች አሉ። ከየተደበቁበት ወጡ። ማን ምን ሆነ ያለ የለም። ሥጋ ቆራጩ የአጥንት መጥረቢያውን ይዞ፣ ታክሲ ነጂዎቹ ከየመኪናቸው ክሪክ አውጥተው፣ ወጥ የምትሠራዋ ሽርጧን እንዳገለደመች፣ በዝናቡ ሮጠው መጡ። ክሪኮቹን ግንዱ ሥር ደረደሩና እየተጯጯሁ አነሱት። ቅርንጫፉን ሥጋ ቆራጩ እንደ ጎድን ቆራረጠው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው እሷ ናት፣ ጎረቤቴ።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«ድምፅዎን ላላውቅ ነው?» አለች፣ ሚስቴን ከብብቷ ሥር እየደገፈች። «በየቀኑ ለመኪና ማቆሚያ የሚጮሁብኝ ጩኸት አይደል? አሁን ከመንገድ ዞር ይበሉ!»

ዞር አልኩላት። አምቡላንስ በወደቀ ዛፍ መሃል አይገባም ነበር። አንዱ ነጂ ታክሲው ውስጥ አስተኛትና በሰው ግቢ ሣር ላይ እየነዳ ሐኪም ቤት አደረሳት። ሲሊንደሩ መንገድ ላይ ባዶ ሆነ። እሷ ግን ደረሰች።

በማግስቱ ልጄ መጥታ የበረንዳውን ፎቶ አነሳች። በረንዳ የለም። ያን ቀን ብወጣ እቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ግንዱ ተኝቶበታል።

«ሲ?» አለችኝ። «አየህ አባባ?»

«አየሁ» አልኳት። «ጥዱንም አየሁት። ማን ነበር አይቆረጥም ያለው?»

እያለቀሰች በቡጢ ደረቴን መታችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ። ሄልሜቱን የሰነጠቀው ማን እንደሆነ ግን እናቷ ለጠያቂ ሁሉ ስትናገር ሰንብታለች። «አውሎ ነፋሱስ አዘነልኝ» ትላለች።

ቤቱ ተጠግኖ ገባን። ልጄ ሌላ ሲሊንደር፣ ሌላ ሄልሜት አመጣች። ፕላኑ ያው ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ተጨምሮበታል። ሳይረን ሲጮህ እንደ እነሱ አገር እንገባለን። ነፋሱ ሲያልፍ ደግሞ እንደ እኛ አገር ነው፤ ጎረቤቴ ወጥታ ኡኡ ትላለች፣ እኔ እመልሳለሁ። መልስ ካጣች ሰው ጠርታ ትመጣለች። ልጄ «ቼክ ኢን» ትለዋለች። ኡኡ ማለት ልናስተምራት ሞክረን አቃታት፤ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ትመስላለች። ስለ መኪና ማቆሚያው ከጎረቤቴ ጋር አሁንም አልታረቅንም።

ባለፈው ሰሞን ብረቱ እንደገና ጮኸ። ሚስቴን ይዤ ገባሁ፣ ሲሊንደሩን ሰካሁ፣ ሄልሜቷን አሰርኩላት። የእኔንም አደረግሁ። ነፋሱ ጣሪያውን እየጠፈጠፈ፣ የሰው ቆርቆሮ እየጎተተ አለፈ። ጸጥ ሲል ከመንገዱ ማዶ «ኡኡ!» የሚል ሰማሁ። በሩን ከፍቼ አፌን ልከፍት ስል ሚስቴ ሱሪዬን ያዘች።

«አለሁ እንዳይሉ» አለችኝ። «አለን ይበሏት።»

አለን! አልኩ።