ታላቅ ሳይጠራ አይበላም

ባየሽ መተማ ላይ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ባሏን ወባ ከወሰደባት ወዲህ ያሏት ሁለት ልጆች ናቸው፤ አሥራ ስምንት የሞላው ይርዳውና ገና የአምስት ዓመቷ ዙፋን። ደግሞም ያ መጽሐፍ! ከጎንደር በጭነት መኪና የመጣ፣ ሕፃናትን ጨዋነት የሚያስተምር ባለ ሥዕል መጽሐፍ። ሥዕሉ ላይ ያሉትን ልጆች ሹራብ ለብሰው ስታያቸው መጀመሪያ ሳቀች፤ በመተማ ሐሩር ሹራብ፣ እናንተዬ! እያደር ግን ወደደችው። ከሁሉም የገበታውን ገጽ። ምግብ ቀርቧል፤ ትንሿ ልጅ ግን እጇን ሳትሰድ ታላቅ ወንድሟን ልትጠራ ትሮጣለች። ዙፋን ያን ሥዕል አይታ አትጠግብም፤ "ወንድምጋሼ ሳይመጣ አይበላም" ማለት ልማዷ ሆነ። እናቷም ልጄ ጨዋ ወጣችልኝ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር፤ ምን ታድርግ፣ እናት ናት።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ መጣ። ያ ዘመን ስንቱን ቤት ባዶ አስቀረ! ባየሽ ይርዳውን ጓዳ ውስጥ ከሰሊጥ ጆንያ ኋላ ሸሸገችው። ለሰው "አብርሃ ጅራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዷል" አለች። ጎረቤቷ ነጋዴው ኢሳ በገበያው ቀን አመሻሽ ላይ ልጁን ከግመሎቹ ጋር ወንዙን አሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ሊያደርስላት ቃል ገባላት።

"ዙፋንዬ፣ ወንድምጋሼ እዚህ እንዳለ ለማንም እንዳትናገሪ።"

"እሺ፣ እምዬ።"

የገበያው ቀን ደረሰ። በምሳ ሰዓት የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ገብረማርያም ታጣቂዎች አስከትሎ ከተፍ አለ።

"እትዬ ባየሽ፣ ይርዳው የታለ?"

"አብርሃ ጅራ ነው ያለው።"

ወደ ልጅቷ ዞረ። "አንቺስ፣ ወንድምሽ የት ነው?" ዙፋን ከንፈሯን ገጥማ ዝም አለች። ገብረማርያምም ጠመንጃውን አንግቶ ሊወጣ ተነሳ።

ምናለ ያኔ ዝም ብላ ብትሸኘው! ግን በምሳ ሰዓት ቤቷ የገባን ሰው እህል ሳታቀምስ ሰዳ አታውቅም፤ ዛሬ ብሰደው ይጠረጥረኛል ብላ ፈራች። "ኧረ እህል ሳይቀምሱማ አይሄዱም! በሞቴ!" አለች። ሰዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ።

ዙፋን ጎንበስ ብላ እንግዶቹን አስታጠበች፤ ልክ እንደ መጽሐፉ። "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!" አለ ገብረማርያም። ባየሽ ወጥ ልታወጣ ዞር ስትል ልጅቷ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠች።

"ወንድምጋሼ፣ ና፣ ምሳ ቀርቧል!"

ወይኔ! የባየሽ እጅ ከነጭልፋው ደርቆ ቀረ።

ይርዳውን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። ባየሽ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች፣ ጮኸች፤ ማን ሰምቷት! ደጃፉ ላይ ኩርምት ብላ ስትቀር ዙፋን መጥታ ቀሚሷን ያዘች።

"እምዬ፣ እኔ አልተናገርኩም እኮ። ለምሳ ነው የጠራሁት።"

ልትመታት እጇን አነሳች፤ አቅም አጣች። እቅፍ አድርጋት አለቀሰች።

ልጁ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄደ ተባለ። ከዚያ ወዲያ አለ፣ ሞተ የሚላት ጠፋ። ባየሽ ማስተማሯን አልተወችም፤ ያን ገጽ ግን በሊጥ ከሌላው ጋር አጣበቀችው። ምን ዋጋ አለው! እራት በቀረበ ቁጥር ዙፋን እጇን ታጥባ ትቀመጣለች እንጂ አትነካም።

"እሱ በልቷል፣ አንቺ ብዪ።"

"የት በላ?"

ልጅቷ ተነስታ መጋረጃውን ትገልጣለች። "ወንድምጋሼ፣ ና፣ እራት ቀርቧል!" ብላ ትጣራና ተመልሳ ትቀመጣለች። ባየሽም እንጀራው እስኪደርቅ አብራት ትጠብቃለች።