ርጥቡ ገመድ

ይህ የደረሰብኝ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ተማሪው ሁሉ «አንድ ለአምስት» በሚባል ቡድን ተደራጅቶ ይማር በነበረበት ጊዜ ነው። ዓመታት አልፈዋል። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ስለተቀጣሁ አይደለም። የቀጣኝ፣ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ ያስተማረኝ ሰው ስለሆነ ነው።

ያደግሁት ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከክፍል ይልቅ ከስኳር መጠቅለያ ነው። ወረታ ከተማ ሱቅ የነበራቸው ጋሽ ሰይድ ስኳርና ጨው የሚጠቀልሉበት አሮጌ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሲመጣላቸው «ና፣ ቀለብህ መጥቷል» እያሉ ጥቂት ገጾች ያስቀሩልኝ ነበር። አብዛኛው የተቀደደ ስለሆነ የተረፈውን መስመር አሥር ጊዜ አነባለሁ፤ የጎደለውን ከተረፈው እገምታለሁ። ሽፋን የሌለው መዝገበ ቃላት ነበረኝ። ብዙ ቃል በዓይኔ አውቅ ነበር፤ በጆሮዬ የሰማሁት ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የእንግሊዝኛ ከፍተኛ ንባብ ትምህርት ስንጀምር ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። መምህራችን አንዲት ገጽ ይዞ ሁለት ሳምንት ያስተምራል። «እያንዳንዱ ቃል ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ጠይቁ» ይለን ነበር።

ከመቶ አርባ የሚይዘው ሥራ ስለ አንዲት አጭር ታሪክ ነበር። ጎርፍ ይመጣል፤ አንድ አባት ልጁን ቤት ውስጥ ትቶ መጀመሪያ ላሙን ሊፈታ ይሮጣል። የክፍሉ ተማሪ ሁሉ «ጨካኝ ነው» አለ። እኔ አራተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። ላሟ የታሰረችበት ገመድ ርጥብ እንደነበረ ይናገራል። ዝናቡ የሚጀምረው ግን አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነው። ውኃው በምድር መጥቷል ማለት ነው፤ የዘነበው ሌላ ቦታ ነው። ሰውየው ገመዱን ሲነካ ጎርፉ መድረሱ ከሁሉ ቀድሞ ገባው። ርጥብ ቋጠሮ ደግሞ በቆየ ቁጥር ይጠብቃል፤ ቢዘገይ አይፈታለትም።

እኛ አገር ርብ ወንዝ ሲሞላ እንዲሁ ነው። ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ውኃው ደጃፍ ይደርሳል። አባቴ «ልጅ ትከሻ ላይ ይወጣል፤ የታሰረች ላም ማን ይሸከማታል?» ይል ነበር። ሐሳቤን በአራት ገጽ ጻፍኩ። ይህን በምን እንዳወቅሁ ለመናገር ስለ ቁሐር ሚካኤል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ።

ሥራው ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው የቡድናችን መሪ ያሬድ አልጋዬ ድረስ መጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛን እንደ ውኃ ይጠጣዋል።

«ሩዙ፣ እስቲ አምጣት ልያት» አለኝ። ሩዝ የሚበቅልበት የፎገራ ልጅ ስለሆንኩ ሩዙ ነበር የሚለኝ።

ወረቀቷን ከትራሴ ሥር ገፋ አደረግኋት።

«አንድ ለአምስት አይደለንም እንዴ? ብቻህን ልትመረቅ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ወረቀት መከልከል በዚያ ጊዜ ነውር ነበር፤ ግምገማ ላይ «ግለኛ» ያስብላል። ሰጠሁት።

ከሳምንት በኋላ ሁለታችንም መምህሩ ቢሮ ተጠራን። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ርጥቡ ገመድ በሁለቱም ላይ አለ፤ የቁሐር ሚካኤሏ ዓረፍተ ነገር ግን የእኔ ላይ ብቻ ናት።

«የማን ነው?» አለ በእንግሊዝኛ።

ያሬድ ወዲያው ጀመረ። ስለ ገመዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አራተኛው መስመር እኔ ከጻፍኩት በላይ አሳምሮ ተናገረ። ተራው ወደ እኔ ዞረ። ቃላቱ ፊቴ ተሰልፈዋል፤ በድምፃቸው ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

«በአማርኛ ላስረዳ?» አልኩ።

«ይሄ እኮ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ነው» አለ መምህሩ።

ዝም አልኩ። መምህሩ ወረቀቴን አነሳና ስለ ቁሐር ሚካኤል የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር ላይ በቀይ አሰመረ።

«የራስህ ይህቺ ብቻ ናት» አለ። «እሷም ከርዕሱ ውጪ ናት።»

ዜሮ ሰጠኝ። ትምህርቱን ወደቅሁ፤ አብረውኝ ከገቡት አንድ ዓመት ዘግይቼ ተመረቅሁ።

ከቢሮው ስንወጣ ያሬድ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ምን ነካህ አንተ? አፍ የለህም? አብረን ነው የሠራነው ልል ነበር እኮ። አንተ ስትዘጋ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎኝ ወደ ምሳ ሄደ።

ዛሬ እዚሁ ወረታ አስተምራለሁ። ወረቀቷ አሁንም አለችኝ። ያሬድን እምብዛም አልቀየመውም፤ እሱ ለምኖ ነው የወሰደው፣ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። በራሴ ዝምታ የምናደድበት ቀን ግን ብዙ ነው።

መምህሩን ይቅር ማለት አቅቶኛል። እያንዳንዱ ቃል ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ጠይቁ ያለን እሱ ነው። ርጥብ ገመድ ነክቶ የሚያውቅ ሰው የትኛው እንደሆነ በዚያች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተጽፎለት ነበር። አሰመረባት እንጂ አላነበባትም።